ከላጲሱ ሥር ያለው ቁጥር

እስቲ አንዴ ጸጥታ! ጃለታ፣ ያንን ሙዚቃ ቀንስልን። እትዬ ዳሲቱ፣ እርስዎ ደግሞ ከዚያች ወንበር እንዳይነሱ። ሠላሳ አራት ዓመት እርስዎ ሲናገሩ ሰምተናል፤ ዛሬ በጡረታ ሽኝትዎ ተራው የእኛ ነው።

እዚህ ፋብሪካ ለሥራ የመጡበትን ቀን እኔ አላየሁም፤ ገና አልተወለድኩም። የነገሩኝ ጋሽ ሰቦቃ ናቸው፤ ያኔ በር ጠባቂያችን፣ ዛሬ ደግሞ የክብር እንግዳችን። "የጸሐፊ ፈተና ትናንት አለቀ፣ እህቴ" ብለው ከበር ሊመልሷቸው ነበር አሉ። "ኢንጂነር ነኝ" ቢሏቸው ጋሽ ሰቦቃ ሳቁ። "ኢንጂነር ከሆንሽማ ይሄ በር ለምን እንደሚያጋድል ንገሪኛ!" እትዬ ዳሲቱ በሩን ዞር ዞር ብለው አዩና "የላይኛው ማጠፊያ ሦስት ሳምንት አይቆይም" ብለው ገቡ። በሩ በሃያኛው ቀን ተገነጠለ። ጋሽ ሰቦቃ እስከ ዛሬ "እኔማ ጠንቋይ የቀጠሩ መስሎኝ ነበር" ይላሉ። አይክዱም፣ ይኸው እየሳቁ ነው።

ከኮዬ ፈጬ ለመጣችሁ ጎረቤቶቻቸው ሥራችንን ላስረዳ። እኛ የጭነት ተሳቢ እንሠራለን። ብረት ከመቆረጡ በፊት ተሳቢውን ኮምፒዩተር ላይ እንሥለውና በብዙ ሺህ ትንንሽ ቁራጭ እንከፋፍለዋለን። ከዚያ ጭነት እንጭንበታለን፤ ኮምፒዩተሩ እያንዳንዷ ቁራጭ ምን ያህል እንደተወጠረችና እንደተለጠጠች ያሰላል። ውጤቱ በቀለም ይመጣል፦ ሰማያዊው ደህና ነው፣ ቀዩ ጉድ ነው።

እሳቸው ግን ቀለም አይወዱም። "መጋረጃ ልንገዛ ነው እንዴ? ቁጥሩን ንገሩኝ!" ይላሉ። ውጤቱ ከመታየቱ በፊት ደግሞ ስክሪኑን በነጠላቸው ይሸፍኑታል። "ገምቱ!" ሁላችንም ትልቁ ውጥረት ስንት እንደሚሆን በእርሳስ ጽፈን የብስኩት ቆርቆሯቸው ውስጥ እንከታለን። የአብስራ አንድ ቀን "ኮምፒዩተሩ እያለ ለምን እንደክማለን?" ብትላቸው፣ "አማትሽ ስትመጣ ወጡን ሳትቀምሺ ታቀርቢያለሽ?" አሏት። ይቺ ልጅ እስካሁን አላገባችም፤ አስፈራርተዋት ነው። ሰርቪስ ውስጥ እንኳ እረፍት የለንም። "ቂሊንጦ ላይ ስንት ሰው ይወርዳል? ገምቱ!"

አሁን አንድ ነገር ልናገር። ስምንት ዓመት በሆዴ ይዤዋለሁ።

አዲስ በገባሁ ሰሞን የአንድ ተሳቢ ሻንሲ፣ ጭነቱን የሚሸከመው የብረት አጽም፣ እንዳሰላ ተሰጠኝ። ግምቴን መቶ ሰማንያ ብዬ ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩ። ብረቱ እንዲሸከም የሚፈቀድለት መቶ ሃምሳ ነው። እሳቸው ስብሰባ ሲገቡ አላስችል አለኝና ነጠላውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ኮምፒዩተሩ ዘጠና ይላል፤ ሁሉም ነገር ሰማያዊ። አፈርኩ። ወረቀቴን አውጥቼ በላጲስ አጠፋሁና ዘጠና አምስት ብዬ ጻፍኩ። ልክ ዘጠና ብል ይታወቅብኛላ!

ሲመለሱ ወረቀቴን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩት። የእርሳሱ ጭረት ከሥር አለ ለካ።

"አቡዘር፣ መቶ ሰማንያ ምን አደረገህ?"

"ኮምፒዩተሩ ዘጠና አለ…"

"አባትህ ምንድነው የሚነዳው?"

"ተሳቢ። የጅቡቲ መስመር።"

"በል ተነስ።"

ግቢ ወስደው አንድ ተሳቢ ሥር አስጎነበሱኝ። "ሻንሲው እዚህ ጋ በምን ተይዟል?"

"ባሌስትራ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ሲጫን እጥፍ ዘርጋ የሚለው ብረት ላይ።"

"አንተስ ለኮምፒዩተሩ ምን ብለህ ነገርከው?"

ሻንሲውን ኮንክሪት ውስጥ የተቀበረ ይመስል ንቅንቅ እንዳይል አድርጌ ነበር የሞላሁት። "እሱ ምን ያድርግ" አሉ፣ "የነገርከውን ነው የመለሰልህ።" ሳስተካክለው መቶ ሰባ ሁለት መጣ። ሻንሲው ላይ ብረት ተጨመረበት፤ ሪፖርቱም "በክለሳ ተስተካክሏል" ብቻ አለ። ስሜን ለማንም አልጠሩም።

አባዬ፣ ኋላ ነህ አይደል? ከእነዚያ ተሳቢዎች አንዱን አራት ዓመት ጎትተሃል። አልሐምዱሊላህ፣ ሁሌም በሰላም ገብተሃል። ይኸው ነገርኩህ፤ ቤት ስንገባ ትቆጣኛለህ።

እትዬ ዳሲቱ፣ አባቴን ቤቱ ያስገቡልኝ እርስዎ ነዎት። ስምንት ዓመት ሙሉ አመሰግናለሁ ማለት አቅቶኝ ነበር፤ ዛሬ በሁሉም ፊት አመሰግናለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቆርቆሮውን አስረከቡኝ። ያቺ ወረቀቴ ከሁሉም ሥር አለች። ገለበጥኳት። ከጀርባዋ በእጅዎ ጽፈውበታል፦ "መጀመሪያ የጻፈው ይሻል ነበር። ራሱንም ይመን።" ይህን ሁሉ ዓመት እዚያ ነበረች፣ እኔ አላወቅኩም። አያልቅሱ እንጂ፣ ንግግሬን ልጨርስ!

ዛሬ ጠዋት ደግሞ እኛው ገመትን። ጥያቄው፦ ከሰኞ ጀምሮ ያለ እትዬ ዳሲቱ ስንሠራ ጨንቆን የምንደውልላቸው መቼ ነው? የአብስራ "በሦስተኛው ቀን" አለች። ጃለታ ጀግና ነው፣ "በወሩ" አለ። በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሱ፤ ለስላሳም ሆነ አምቦ ውሃ፣ ምርቃት ለሁሉም ይሠራል። እድሜና ጤና ይስጥዎ። ጉልበትዎ ይጽና፣ የልጅ ልጆችዎን ለማሳደግ ያብቃዎት። ለእትዬ ዳሲቱ!

የእኔ ግምት ይኸው፣ እዩት፦ "ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ተኩል።" ላጲስ አልነካውም።