የረቡዕ ወይን

— አቤት! ማነው? ... ዳግማዊ? ምነው ትንሾካሾካለህ፣ ሌባ ይመስል? ... ሄሎ? ... ጮክ በል እንጂ!

(ፈርሃና፣ ሳህኑን ተዪውና ያን ቴሌቪዥን ቀንሺልኝ! የወንድሜ ልጅ ነው፣ ከናጉሩ ሰፈር።)

— የት ሆነህ ነው? ... መታጠቢያ ቤት? የፍቅረኛህ የማኑሄ አባት ቤት ሄደህ መታጠቢያ ቤት ትደበቃለህ? ሽማግሌ ልላክ ወይ ብለህ ልታስፈቅድ አልነበር የሄድከው? ... እምቢ አለህ እንዴ? ... ገና አልጠየቅከውም። ታዲያ ምን ሆነህ ነው?

— ወይኑን ወደደው? ... ሁለተኛ አስቀዳ! አላልኩህም? ... "እንደ ሐር ወረደልኝ" አለ? እድሜ ይስጠው!

— ምን እንዳለሰለሰው ጠየቀህ? ንገረው እንጂ፣ ምስጢር ነው እንዴ! ወይን ጉሮሮ የሚቧጥጠው በልጣጩና በፍሬው ነው። አንተ ደግሞ ጂንስ ሱሪ እንደሚያጥብ ሰው አሽተህ፣ ፍሬውን ሳይቀር ሰባብረህ ጨምቀኸው ነበር። ባለፈው ወር ስታመጣልኝ ምላሴ ጎማ ሆኖ ቀረ። የእንቁላል ነጭ መትቼ ጨመርኩበት፣ ሻካራውን ሁሉ ይዞ ዘቀጠ፣ ጥሩውን ከላይ ቀዳሁልህ። አለቀ! አስኳሉንም ደጃፌ ላይ እንቁላል በቻፓቲ ለሚጠቀልለው ለሮሌክሱ ሰውዬ ሰጠሁት፣ እስከ ዛሬ ይመርቀኛል።

— ምን? ... ዛሬ ረቡዕ ነው?

— ቆይ፣ ልጠይቅ።

(ፈርሃና፣ ዛሬ ረቡዕ ነው? ... ትስቃለች ደግሞ! አንቺ ምን አለብሽ፣ የአንቺ በሮመዳን ነው!)

— እና ሰውየው አጥባቂ ነው? ... ወተት የነካ ማንኪያ ሻዩ ውስጥ አያስገባም? ... አንተ ቀልበ ቢስ፣ ቀን አታውቅም? ... እኔ? እኔ ምን አደረግኩ! "ለአንድ ሰው ላስቀምሰው" አልክ እንጂ "በጾም ቀን ለባሕታዊ ላጠጣው" መቼ አልክ?

— ምን ልትለው? ... "ማር ነው ያለሰለሰው" ልትል? ኧረ በስማም! ... ስማኝ። ትሰማኛለህ? ሰውየው እኮ ራሱ ሊጠምቅ ፈልጎ ነው የጠየቀህ። ነገ ማር ጨምሮ ጠጅ ሲሆንበት ምን ልትለው ነው? ሴት ልጁን ልትጠይቅ ሄደህ ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ትዋሻለህ? ... ሁለተኛውን ብርጭቆ ጀምሮታል? ... አልቀመሰውም። በል ሩጥ! የመጀመሪያውን ሳያውቅ ነው የጠጣው፣ እግዜርም አይቆጥርበትም። ሁለተኛው ግን በአንተ ነው የሚጻፈው። ... ያባርረኛል? ያባርርህ! ዋሽተህ ከምትገባ ተባረህ ና። ስልኩን አትዝጋው፣ ልስማ።

(ዝም በይ ፈርሃና፣ እየነገረው ነው... "አባባ፣ እንቁላል ነክቶታል" አለ። ጎሽ! ... ብርጭቆ ተቀመጠ... ወይኔ የወንድሜ ልጅ! ያችን ልጅ ስንት ዓመት ነው የጠበቃት... መጣ፣ መጣ፣ የሰው ሳል ይሰማል።)

— ሄሎ? ... አቶ ሀብተማርያም! እንደምን አመሹ? ... እግዚአብሔር ይመስገን። አዎ፣ ለተጊዮርጊስ ነኝ፣ አክስቱ፣ ካባላጋላ ሰፈር ምግብ ቤት ያለኝ። ... እንቁላሉን የመታሁት እኔ ነኝ፣ ልጁ ላይ አይጩሁበት። ... የለም፣ እንቁላሉማ ከነዝቃጩ ተደፋ። ... ጾሙ ፈረሰ ወይ? እሱን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሴትዮ ነኝ፣ ቄስ አይደለሁም። ... ምን? ማር ሊልዎት እንደነበረም ነገረዎት? ኧረ የዚህን ልጅ አፍ ማን በዘጋልኝ!

(ይስቃል! ፈርሃና፣ ሰውየው ይስቃል!)

— አቤት? ... ነገ? ነገማ ሐሙስ ነው፣ ፍስክ ነው። ... ከነሽማግሌዎቹ ይምጣ አሉ? ... እልልልል! ... አዎ፣ እኔም እመጣለሁ። ሽማግሌ ወንድ ብቻ ነው ያለው ማነው? ቦዳ ሞተር ላይ ግን አልወጣም፣ ዳግማዊ መኪና ይፈልግልኝ።

— ጠርሙሱ? እዚያው ይደር። ግን አቶ ሀብተማርያም... ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበትና ቁልፉን ማኑሄ ትያዘው። ... አይቆጡ እንጂ! አንዱን ጨርሰው ሁለተኛ ያስቀዱ ሰው አይደሉ? ሐሙስ እስኪጠባ እኔ እርስዎን አላምንዎትም! ... አሜን፣ አሜን። ደህና ይደሩ!