የአባዬ ዓመት ሳይሞላ

አዳማ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፤ የሙዚቃ ድግስ በተጀመረበት ስታዲየም በር ላይ መክብብ ታናሽ እህቱን ትርሲትን በስልክ ከውስጥ አስወጥቶ እጇን ይዟታል።

መክብብ፦ ሌላ ወሬ አልፈልግም። ቤት እንሂድ!

ትርሲት፦ አልሄድም አልኩህ። እጄን ልቀቀኝ፣ ሰው እያየን ነው።

መክብብ፦ አሁን ነው ሰው ትዝ ያለሽ? አባታችን ከሞተ ዓመት እንኳ አልሞላውም። እናትሽ ከል ለብሳ ተቀምጣ አንቺ እዚህ ትጨፍሪያለሽ?

ትርሲት፦ አልጨፈርኩም።

መክብብ፦ ቆመሽ ስትጸልዪ ነበር ታዲያ?

ትርሲት፦ ማን ነው የነገረህ?

መክብብ፦ ጓደኛዬ ቶማስ። ከጓደኞችሽ ጋር ስትገቢ አይቶሽ ደወለልኝ። «እህትህ ሐዘን ጨረሰች እንዴ?» ነው ያለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? አንገቴን አስደፋሽኝ!

ትርሲት፦ ከጓደኞቼ ሌላ… ሌላ ሰው አየሁ አለህ?

መክብብ፦ ሌላ ማንን ሊያይ?

ትርሲት፦ እንዲሁ ነው የጠየቅኩህ።

መክብብ፦ መጀመሪያ ቤት ነው የሄድኩት። ተቆልፏል። ይኸኔ እማዬ ቤተ ክርስቲያን ተንበርክካ ይሆናል፤ አንቺ እዚህ ትቀውጪዋለሽ።

ትርሲት፦ መክብብ፣ በእናትህ ወደ ቤት ተመለስ። ማታ ሁሉንም እነግርሃለሁ።

መክብብ፦ ምኑን ነው የምትነግሪኝ? እሺ፣ አንቺ እምቢ ካልሽ ጓደኞችሽን ገብቼ አናግራቸዋለሁ። እነሱ ናቸው ያበላሹሽ።

ትርሲት፦ አትገባም!

መክብብ፦ ለምን? ማን አለ ውስጥ? ወንድ ነው?

ትርሲት፦ ምን ነካህ? የምን ወንድ?

መክብብ፦ እንግዲያው ከመንገዴ ዞር በይ።

ትርሲት፦ እማዬ ናት! ውስጥ ያለችው እማዬ ናት።

መክብብ፦ ምን አልሽ?

ትርሲት፦ የሰማኸውን። ጓደኞቼ ኪያ እና ሩሃማ መሀል አድርገዋት ቆማለች። ከሉን አላወለቀችም፤ ከላይ የሩሃማን ጃኬት ደርባለች።

መክብብ፦ አብደሻል! ሐዘንተኛ ሴት ከቤቷ ጎትተሽ…

ትርሲት፦ ማንም አልጎተታትም። እሷ ናት ያነሳችው። ባለፈው ልብስ እያጣጠፍን «ያ አባትሽ የሚወደው ልጅ ሊዘፍን ይመጣል አሉ» አለችኝ። ወዲያው ደነገጠችና አፏን በእጇ ያዘች፤ ኃጢአት የተናገረች ይመስል።

መክብብ፦ አባዬ ዘፈን የት ያውቃል? ዕድሜውን ሙሉ ዜና ብቻ ሲሰማ የኖረ ሰው!

ትርሲት፦ እሱ አንተ የምታውቀው አባዬ ነው። አልጋ ላይ በዋለባቸው ወራት አንተ ጅማ ሥራ ላይ ነበርክ። ሕመሙ ሲብስበት «ያን ልጅ ክፈችልኝ» ይለኛል፤ ስልኬን ትራሱ አጠገብ አደርግለታለሁ። እማዬን ደግሞ «ከዚህ አልጋ ልነሳ ብቻ፣ ይሄን ልጅ ወስጄ በዓይንሽ አሳይሻለሁ» ይላታል። «ሂድ ወዲያ፣ በስተርጅና!» ትለውና ትስቃለች። እሱም ይስቃል፣ እስኪያስለው።

መክብብ፦ ለኔ ማንም አልነገረኝም።

ትርሲት፦ አንተ በደወልክ ቁጥር የምትጠይቀው ሐኪሙ ምን አለ ብለህ ነበር። ስለ ዘፈን ማን ያወራሃል?

መክብብ፦ ይሁን። እንደዛም ቢሆን ዓመቱ ይሙላ! የአባዬ ዘመዶች ቢያዩዋት ምን እንደሚሉ አጥተሽው ነው? ባሏን ቀብራ ዳንኪራ ትረግጣለች ነው የሚሉት። ስሟን ነው የሚያጠፉት።

ትርሲት፦ እሷም ታውቃለች። ከባጃጅ ስንወርድ ምን እንዳለችኝ ልንገርህ? «መክብብ ብቻ እንዳይሰማ።» ዘመዶቹን አላነሳችም። የምትፈራው አንተን ነው።

መክብብ፦ እኔን? ለማን ብዬ ነው ታዲያ ይሄን ሁሉ የምሆነው? ለሷ አይደል?

ትርሲት፦ ቤት ሬዲዮ እንዳይከፈት ያልከው አንተ ነህ። ጎረቤቷ መጥታ ስታጫውታት የጎሪጥ እያየሃት ሴትየዋ መምጣት ተወች። እማዬ እኮ የበር ድምፅ ስትሰማ ፊቷን ታስተካክላለች፤ አንተ ስትገባ ያዘነች እንድትመስል። አዝና እያለች፣ መክብብ! አዝና እያለች ደግሞ ላንተ ታስመስላለች።

መክብብ፦ እንደዛ አታድርጊኝ። የሱን ክብር ልጠብቅ ብዬ ነው።

ትርሲት፦ አውቃለሁ። እሷም ለዛ ነው ምንም የማትልህ።

መክብብ፦ አሁን… አሁን ምን እያደረገች ነው?

ትርሲት፦ ልጁ መድረክ ላይ ሲወጣ አለቀሰች። እንመለስ ስላት ራሷን ነቀነቀች። ከዛ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ለካ ዘፈኑን ከነግጥሙ ታውቀዋለች። ኪያ አቅፋታለች። ልግባ ካልክ ግባ፣ ጉልበት የለኝም ላስቆምህ። ግን አንተን ስታይ የምትሆነውን አስብ። ከዛሬ በኋላ ከቤት የምትወጣ ይመስልሃል?

መክብብ፦ ቆይ፣ ስልኬ እየጠራ ነው። እሷ ናት።

ትርሲት፦ መውጣቴን አይታ ፈርታ ነው። እንዳትጮህባት፣ አደራህን!

መክብብ፦ አቤት እማዬ… አይ፣ በሰላም ነው… አክስቴ ጋ ነሽ? ጥሩ… የምን ጫጫታ? እኔ ምንም አይሰማኝም… ኧረ አትቸኩዪ እማዬ፣ እስኪበቃሽ ተጫወቺ።