ሽማግሌ የሌለው ጎረምሳ

«ፊልም አይቶ ልጁን ዳረ» ይሉኛል የሀና ማርያም ሰዎች። ይበሉ። እኔ የሆነውን ልናገር። ልጄ ጥሩነሽ ኮሪያዎች ቤት ትሠራ ነበርና አንድ ቀን የአገራቸውን የፍቅር ፊልም በካሴት ይዛ መጣች። ከጤፍ አጨዳ ማጭዴን እንደያዝኩ ስገባ እሷና እናቷ ቴሌቪዥኑ ፊት ይንከተከታሉ። ላጠፋው እጄን ስዘረጋ አንድ ሱፍ የለበሰ ጎረምሳ የተቀመጡ አባት ፊት ተንበርክኮ አየሁ።

«ይሄ ደግሞ ምን ሰርቆ ነው?» አልኩ።

«አልሰረቀም አባዬ፤ ልጃቸውን እየጠየቀ ነው።»

«ብቻውን? ሽማግሌ የሚልክለት ዘመድ የለውም?»

«የላከውስ ምን አገኘ?» አለች እናቷ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳታነሳ።

ደረጀን ማለቷ ነው። ጥሩነሽን ለማግባት ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ሦስቴም እምቢ ብዬ መልሻቸዋለሁ፤ የልጁን መልክ እንኳ አላውቀውም። ጥሩነሽ መሳቋን አቆመች።

«ለደረጀ ሽማግሌዎች ንገሯቸው፤ ከእንግዲህ እንዳይመጡ» አልኩ። ልጄ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «እሱ ራሱ ይምጣ። ልየው።»

እሑድ መጣ። ለካስ ልጄ መክራዋለች፤ በሩን እንዳለፈ ሱሪውን ሰብስቦ ፊቴ ተንበረከከ። ዓይኑን አየሁት፤ ፈርቷል፣ ግን አልሸሸም።

«ተነስ» አልኩት። «ይሄ ኮሪያ አይደለም። ሽማግሌዎችህን ጥራና እንደ ወጉ ጠይቀኝ።»

ለመጥራት ሩቅ አልሄደም። ሦስቱም ሽማግሌዎች አጥሩ ጥግ ቆመው ይጠብቁ ነበር።