የወይዘሮ ፋጤ መኪና

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ አሮጌ መኪና የምንወድ አራት ጓደኛሞች እሁድ እሁድ እየተሰበሰብን መኪኖቻችንን አብረን እንጠግን ነበር። አንድ እሁድ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ወይዘሮ ፋጤ መጡና፣ «የሟች ባለቤቴን መኪና፣ አትንቀሳቀስም ብሎ ቀበሌ ነገ ለቁርጥራጭ ብረት ሊያነሳት ነው። እባካችሁ ልጆቼ!» አሉን። ሄደን ሞተሩን ስንከፍት በሞተሩና በክዳኑ መሃል የሚገባው ስስ ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሏል። አዲስ ከየት ይምጣ? ከስስ መዳብ ልንቆርጥ ሞክረን ሁለቴ አበላሸን፤ የቀረን አንድ ቁራጭ ብቻ ነበር። ይሄኔ ወይዘሮ ፋጤ፣ «እስቲ ለኔ ስጡኝ፤ ስንት ኮሌታ የቆረጥኩ ሴት!» ብለው የቆርቆሮ መቀሱን ተቀበሉን። አሮጌውን ወረቀት ላይ ለክተው፣ ቀዳዳዎቹን ሳይቀር ቁርጥ እሱን አስመስለው ከመዳቡ ቆረጡት። እኛ መካኒክ ነን ባዮቹ ተቀብለን ሞተሩ ላይ ስንገጥመው አመሸን።

ሰኞ ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር ሰዎች አስከትሎ ሲመጣ፣ ባላቸው መንዳት ያስተማሯቸው ወይዘሮ ፋጤ መሪ ጨብጠው ተቀምጠዋል።

«እትዬ ፋጤ፣ መኪናዋ ዛሬ ትነሳለች ተብሎ የለም እንዴ?» አላቸው።

«ተነሳች እኮ! ሞተሯ አይሰማህም?» አሉትና ማርሽ አስገብተው በፊቱ አለፉ።

እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። እንደዚያን ቀን ደረቴን ነፍቼ አላውቅም።