ያልረጋው የአባ በሺር ወተት

የማላውቀውን ነገር እንደሚያውቅ ሰው መናገር ክፉ ልማዴ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው «አላውቅም» የምትለውን ቃል ይረሳታል። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ያየሁትን ግን ሳልጨምር ሳልቀንስ እናገራለሁ፤ ከዚያ ቀን ከተማሩት አንዱ እኔ ነኝና።

ከደሴ ወደ ቤቴ ወደ ኮምቦልቻ ስመለስ ሚኒባስ አጣሁና አንድ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ገባሁ። አጠገቤ ቢልቂስ የምትባል የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ተቀምጣለች፤ ወላጆቿን ልትጠይቅ ወደ ሐርቡ መሄዷ ነው። ከኋላ አንዲት ዳልቻ ላም ከነጥጃዋ ተጭናለች፤ ባለቤቷም እዚያው ከጎኗ ቆመዋል። ሐረጎን አጋምሰን ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ ክሪክ ሲያወጣ እኛ ወርደን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን፤ ሽማግሌውም «አሰላሙ ዓለይኩም» ብለው አጠገባችን አረፉ።

አባ በሺር ይባላሉ፤ የገራዶ ሰው ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ላም ሲያልቡ የኖሩ፣ የዚችን ላም አያት ሳይቀር ያሳደጉ ሰው ናቸው።

«ለገበያ ነው?» አልኳቸው።

«አዎ፣ ዳልቻን ልሸጣት ነው።»

«ደሴ ገበያ እያለልዎ ኮምቦልቻ ድረስ?»

«ደሴ ሁሉም ያውቀኛል፣ መምህር። በገዛ እጄ ስሸጣት የሚያውቀኝ ሰው እንዲያይ አልፈለግሁም።»

«ወተቷ ደርቆ ነው?» አለች ቢልቂስ።

«ደርቆስ ቢሆን ምን ነበረበት። ወተቱ ሞልቷል፤ ነጭ ነው፤ ሽታውም ደኅና ነው። ግን አይረጋም። ሦስት ቀን ቢቀመጥ ይንቦጫረቃል እንጂ እርጎ አይሆንም። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም፤ ግራ ገባኝ፣ ልጄ።»

«ዕቃው ቆሽሾ ነው» አልኩ ፈጠን ብዬ። ከዚያም ስለ ንጽሕና ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁ። አባ በሺር ጨርሼ እስክተነፍስ በትዕግሥት ጠበቁኝ።

«የባለቤቴን የጣይባን ቅል ስላላዩ አልፈርድብዎትም» አሉ። «ማለቢያውን ጠዋት ማታ ታጥባለች፤ በወይራ ታጥናለች። ቅሉንም ለወጥን፤ ዱዓም አስደረግን። ደግሞስ ዕቃው ቢቆሽሽ ወተቱ ቶሎ ይበላሻል እንጂ እንዲህ ዝም ብሎ ይቀመጣል?»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምክንያቱንስ አውቀዋለሁ። ዓይን ነው። ገበያነሽ የምትባል ጎረቤት አለችኝ፤ ክርስቲያን ናት፣ ሠላሳ ዓመት አጥር ለአጥር ኖረናል። ዳልቻ የወለደች ሰሞን በአጥሩ ሾልካ ገብታ ‹አቤት ጡት› አለች። ‹ከዓይን ያውጣት› እንኳ ሳትል ሄደች። ወተቱ እንቢ ሲለኝ ያን አስታወስኩና መሹለኪያዋን በእሾህ ዘጋኋት።»

«ነገሩን ነገሯት?» አልኳቸው።

«ምን ብዬ? ጣይባ ስትወልድ ደግፋ የያዘቻት እሷ ናት። ዝም አልኳት። ላሟን ስሸጥ ነገሩም አብሮ ይሄድልኛል ብዬ ነው።»

ቢልቂስ ሻርፗን አስተካከለችና በትሕትና ጀመረች። «አባቴ፣ ዓይን ሐቅ ነው ተብሏል፤ በሱ አልከራከርዎትም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ዳልቻ ታማ ነበር?»

«ከወለደች በኋላ አንደኛው ጡቷ አብጦ ነበር። የከብት ሐኪም መጥቶ ሦስት ቀን በጡቷ ቀዳዳ መድኃኒት ሰጣት፤ ዳነች።»

«ሲሄድ ምን አለዎት?»

«መድኃኒቱ ካበቃ በኋላ አራት ቀን ወተቷን እንዳትጠጡ አለኝ። ወላሂ አንዲት ጉንጭ አልጠጣንም፤ ለልጆችም አልሰጠንም።»

«ታዲያ ወተቱን የት አደረጋችሁት?»

«ቅል ውስጥ ነዋ፤ ለእርጎ። አትጠጡ አለ እንጂ እርጎ አትሥሩ መች አለ? አላህ የሰጠውን ሪዝቅ መሬት ላይ መድፋት ደግሞ ኃጢአት ነው።»

ሾፌሩ ጎማውን ይዞ ሳቀ። ቢልቂስ አልሳቀችም። «አባቴ፣ ወተትን እርጎ የሚያደርጉት በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ነፍሳት ናቸው። ያ መድኃኒት ጡቷን ያሳበጡትን ክፉዎቹን ሲገድል ደጎቹንም አይምርም። ያልረጋው ለዚህ ነው።»

«አይሆንም» አሉ አባ በሺር። «መድኃኒቱ ካበቃ ሁለት ሳምንት አለፈው። የዛሬ ወተትስ ለምን አይረጋም?»

እውነት ነው፤ እኔም ግራ ገባኝ። ቢልቂስ ግን ጥያቄዋን ቀጠለች። «ቅሉ ባዶ ሆኖ ያውቃል?»

«ዐዑዙ ቢላህ። የወተት ዕቃ ባዶ ካደረ በረካ ይሸሻል። እናቴ ከቅሉ ግማሹን ታነሳ ነበር እንጂ አሟጣ አታውቅም። እኛም ግማሹን ትተን የታለበውን በላዩ እንጨምራለን።»

«ቅሉን ስትለውጡስ?»

«ከአሮጌው ገለበጥንበት» አሉና እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

ከዚያም ቅር ባለው ድምፅ «እንግዲያ የእናቴ ልማድ ስሕተት ነበር ማለትሽ ነው?» አሏት።

«አይደለም። በእናትዎ ዘመን ይህ መድኃኒት አልነበረም። ደግ እርሾ ለነገው ወተት ደግነቱን ያወርሳል፤ መድኃኒት የገባበትም ያንኑ ያወርሳል። ስለ ሪዝቅ ያሉትንም ልመልስልዎ። እርጎ ቢሆንም መድኃኒቱ ከወተቱ አይወጣም። ያን የሚበላ ሰው ሳይታመም መድኃኒት ይወስዳል። አንድ ቀን የልጅ ልጅዎ ሲታመም በሽታው መድኃኒቱን ለምዶት ይገኛል። የቱ ነው ማባከን፣ የአራት ቀን ወተት መድፋት ነው ወይስ ይህ?»

«ንግግርሽ ጥሩ ነው፣ ልጄ። ግን መስማት ሌላ፣ ማየት ሌላ» አሉ።

«እንግዲያው እኔ ቤት ይደሩና ይዩ» አልኳቸው። ቢልቂስ ኮምቦልቻ ወርዳ የሐርቡን መኪና ከመያዟ በፊት የሚደረገውን በዝርዝር ነገረችን። ማታ ዳልቻ ግቢዬ ውስጥ ታለበች። በፈላ ውኃ የታጠበ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ወተቷን ጨምረን፣ መድኃኒት ያልወሰዱ ላሞች ካሏት ጎረቤቴ ያመጣሁትን ሁለት ማንኪያ እርጎ ጣል አደረግንበት። ኮምቦልቻ ሞቃት ናት፤ ለእርጎ አትቸገርም።

ጠዋት አባ በሺር ዕቃውን አንስተው ዘንበል አደረጉት። አልተንቀሳቀሰም። በሌላው በኩል ዘንበል አደረጉት። አሁንም ጸጥ ብሎ ረግቷል። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ገበያነሽን ምን ልበላት?» አሉኝ።

ለሁሉ ነገር መልስ የማላጣው ሰውዬ «አላውቅም» አልኩ።

ዛሬ ገራዶ ብትሄዱ መድኃኒት የተሰጣት ላም ቀንዷ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮ ታያላችሁ። ይህን ያመጡት አባ በሺር ናቸው። የዚያች ላም ወተት ለብቻው ይታለብና ጉድጓድ ይደፋል፤ ሐኪሙ ሲመጣም «ስንት ቀን ነው? ለእርጎስ?» ተብሎ ይጠየቃል። ቅሉም መድኃኒት በገባ ቁጥር ተሟጦ፣ ታጥቦና ታጥኖ በአዲስ እርሾ ይጀመራል። በረካውም አልሸሸም፤ እርጎው ሳይበላሽ ገበያ ይደርሳል፤ ልጆቹም ንጹሕ ወተት ይጠጣሉ። ትንሽ ነገር መስሎ የሚታይ ጥያቄ ስንት ሰው እንደሚያድን ከዚህ ተማርኩ።

ይህ ሁሉ ግን ኋላ የመጣ ነው። ያን እሑድ ዳልቻን ጭነን ገራዶ ስንደርስ አባ በሺር ቤታቸው አልገቡም። በቀጥታ ወደ አጥሩ ሄደው እሾሁን በባዶ እጃቸው ይነቅሉ ጀመር። ገበያነሽ ከወዲያ ማዶ መጣች፤ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አጣፍታለች።

«አያ በሺር፣ እሾሁን ከማንሳትህ በፊት ጥፋቴን ንገረኝ» አለች። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ምን አድርጌው ይሆን እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ከረምኩ።»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ወተቱ አልረጋ ሲለኝ በዓይንሽ አሳበብኩ። የመድኃኒቱ ነገር ነበር።»

«በኔ?» አለች።

«ባንቺ። ይቅር በይኝ።»

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ፊቷን ከላሚቱ አዞረችና «እንግዲያስ ከእንግዲህ ከብትህን አላይም» አለች።

አባ በሺር እጃቸው እየደማ የዳልቻን ገመድ ያዙ። በከፈቱት መሹለኪያ አሳልፈው ፊቷ አቆሟት። «በአምላክሽ፣ እዪያት» አሉ። «እስክትጠግቢ እዪያት።»

ገበያነሽ እንዳቀረቀረች ቆየች። ዳልቻ ግን የለመደቻት ናትና አንገቷን አስግጋ እጇን ትልሰው ጀመር። ያኔ ቀና ብላ አየቻት፤ ጎኗን በመዳፏ ዳሰሰች።

«ከስታለች» አለች።

«መንገድ አድክሟት ነው» አሉ አባ በሺር፤ ወደ ቀረው እሾህም ተመለሱ።