ባለ ስድስት ቀንዱ ራውተር

በግ ነጋዴው ጋሽ ታደሰ «ልጄ ነገ በቪዲዮ ለሥራ ትጠየቃለች፤ ዋይፋዩ እንዲህ ከተቆራረጠ አለቀላት» ብለው አዲስ ራውተር እንዳስመርጣቸው ሱቅ ይዘውኝ ሄዱ። አሮጌው ደክሟል፤ በዚያ ላይ ያስቀመጡት ጓዳ ነው። አንቴናው የበዛውን አነሱና እንደ ሙክት መዘን መዘን አድርገው «ባለ ስድስት ቀንዱ ይሁን!» አሉ።

«ጋሼ፣ የእርስዎን የድንጋይ ግድግዳ አስር ቀንድም አይበሳው። ይቺን ባለ ሁለቷን ይውሰዱ፤ ልጅቷ የምትቀመጥበት ክፍል እተክላታለሁ። ካልሠራች እኔን ገበያ አውጥተው ይሽጡኝ!»

«አንተን ደግሞ ማን ይገዛል? አጥንት!»

በማግስቱ ልጅቷ ስትጠየቅ እኔና ጋሼ መስኮቱ ሥር ቆመን ሰማን። አንዴም አልተቆረጠም። እንዲያውም ድምፁ ከመጥራቱ የተነሳ ጓሮ በግ ሲጮህ ጠያቂው «የበግ ድምፅ ነው የምሰማው?» አለ። እኔ ስሳቀቅ ጋሼ አንገታቸውን በመስኮቱ አስገቡ፦ «የመንዝ ነው ጌታዬ! ለበዓል ላስቀምጥልዎ?»