የማዳም ሀዋን መነጽር የወለወልኩ ለት

እኛ መሪ ስንጨብጥ በነበረበት ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሾፌር ጎማ ያያል፣ ዘይት ያያል፣ ፍሬን ያያል፤ ዓይኑን ግን ማን ያይለታል? ዓይን አለ ወይ ነው፣ አለ፣ በቃ! ሳቁ እንጂ፣ እናንተስ ብትሆኑ? እስቲ ስሙኝማ።

እዚሁ የወደቡ ከተማ፣ ካርቲየ 7 ቢስ የሚባለው ሰፈር፣ ይኼ የተቀመጣችሁበት ግቢ ውስጥ ነው የሆነው። እኔና ባለቤቴ አለምነሽ በዚህኛው በር፣ ማዳም ሀዋ በወዲያኛው በር። ማዳም ሀዋ ድሬዳዋ ያደገች ሶማሌ ናት፣ አማርኛዋ ከኔ አማርኛ ይፈጥናል። ሊሴ፣ የፈረንሳዮቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ስታስተምር ኖራ ጡረታ ወጣች። ሌላው ጡረታ ሲወጣ ጥሩ ፍራሽ ይገዛል፣ እሷ ምን ገዛች? ቴሌስኮፕ! የሰማይ መነጽር። ሦስት እግር ያለው፣ እንደ መድፍ የተገተረ ነጭ ቱቦ። አለምነሽ መጀመሪያ ስታየው «በስመ አብ! ይቺ ሴትዮ ማንን ልትተኩስ ነው?» አለች።

ታዲያ ማዳም ሀዋ ፀሐይ ስትጠልቅ ግቢ መሃል ትገትረዋለች፣ የሰፈሩ ሰው በየተራ ያያል። አትሰስትም። «ሰማዩ የኔ አይደለም አቦ፣ ምን ብዬ ልከልክል?» ነው የምትለው። እኔ ግን አላይም ነበር። ከመንገድ ስገባ አሸዋ ቅሜ ነው የምገባው፣ ገላዬን ታጥቤ መጋደም ነው። ሰማይ በጋቢና መስታወት ስንቴ አይቻለሁ፣ ምን ሊጨምርልኝ እላለሁ።

እና ረመዳን ሊያልቅ ሆነ። እንደምታውቁት ጨረቃ ካልታየች ጾም አይፈታም። የዚያን ለት አመሻሽ ግቢው ጢም ብሏል፤ ሶማሌው፣ አፋሩ፣ የመናዊው ባለሱቅ፣ የኛም ሰው፣ ሁሉም አንገቱን ወደ ምዕራብ። እኔ ከጋላፊ ድንበር ገብቼ ሽርጤን አገልድሜ ብቅ ስል ማዳም ሀዋ አየችኝ።

«መጣ! አቦ፣ በላቸውን አሳልፉት! እኔ ያየኋት መስሎኛል፣ እሱ ያረጋግጥልኝ። ሾፌር ነው፣ ዓይኑ የንስር ነው!»

ባለሱቁ «ክርስቲያን ነው እንዴ ጾም የሚያስፈታን?» አለ።

«ዓይኑን ነው የፈለግኩት፣ ምስክርነቱን አይደለም!» አለችው።

ሰዉ ገለል አለልኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ጎንበስ ብዬ በቀኝ ዓይኔ አየሁ። ምን አየሁ? ጉም። ወተት የተደፋበት ነገር።

«ማዳም፣ መስታወቱ ቆሽሿል» አልኩ።

«የምን ቆሻሻ? አሁን አይደል እንዴ ያጸዳሁት!»

«አቧራ ነው። እኔን ነው አቧራ የምታስተምሪኝ?» አልኩና ከትከሻዬ ላይ ጨርቄን አወረድኩ። ያቺን ጨርቅ ታውቋታላችሁ፣ ዘይት የሚለካባት፣ ናፍጣ የሚጠረግባት፤ ሾፌር ያለሷ ራቁቱን ነው። እፍ አልኩበትና ያንን ትልቁን የፊት መስታወት ልክ እንደ መኪናዬ ፍትግ አድርጌ ወለወልኩት!

ኧረ የጮኸችው ጩኸት! «ያ አላህ! ያ አላህ! በናፍጣ? በናፍጣ?»

«ናፍጣ እኮ ያጠራል ማዳም» አልኳት። ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሷ እየተሳደበች ለስላሳ ጨርቅ አምጥታ አጸዳችው፣ አየችበት፣ ሌሎቹም አዩበት፣ «ታየች! ታየች!» እልልታው ቀለጠ። እኔ እንደገና ብጠጋ ያው ጉም።

«አሁንም አልጠራም» አልኩ።

ታዲያ ማዳም ሀዋ ይኼኔ መቆጣቷን ተወች። ቀስ ብላ «በላቸው፣ እስቲ በግራው እይ» አለችኝ። በግራው ባይ፣ ኧረ ልጆቼ! እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነች ጨረቃ፣ ቁልጭ ብላ! «አየኋት!» ብዬ ጮህኩ፣ ሰዉ አጨበጨበ። እሷ አላጨበጨበችም።

«አሁን በቀኙ» አለች። ጉም። «በግራው።» ጨረቃ። «በቀኙ።» ጉም።

«የቆሸሸው መስታወቱ አይደለም» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ጠጋ ብዬ «ማዳም፣ ይኼን ቃል ሰው ፊት እንዳትደግሚው። ዓይኑ ደክሟል ከተባልኩ ማን መኪና ይሰጠኛል?» አልኳት።

«መኪና ብታጣ ይሻላል ወይስ መንገድ ላይ ሰው ብትጨፈልቅ?» አለች። እንዲህ ነው የምትናገረው፣ አስተማሪ አይደለች!

ቤቴ ገባሁ። አለምነሽ ተከትላኝ ገባችና በሩ ላይ ቆማ «ባለመኪናውን ጨቅጭቀህ የፊት መስታወቱን ያስቀየርከው፣ ለካ ለዚህ ኖሯል?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ልቤ ዝቅ ያለው። እውነቷን ነበር። የሚመጣ መኪና መብራት እንደ ጥጥ እየተበተነ ሲያስቸግረኝ፣ መስታወቱ አርጅቷል ብዬ አስቀይሬ ነበር። አዲሱም ያው ሲሆንብኝ፣ የዛሬ ዕቃ ጥራት የለውም ብዬ ሰደብኩት።

በማግስቱ ዶራሌ ወደብ ሄድኩ። ማዳም ያለችውን ልቤ አልቀበል ብሎ እኮ ነው የሄድኩት። መኪናዬ ተጭና ቆማለች፣ መውጣት ብቻ ነው የቀረኝ። ጋቢና ገባሁ፣ ሞተር አስነሳሁ። ከፊቴ አንድ ተሳቢ ቆሟል፣ አጠገቡ አንድ ሰውዬ ዳቦ በሻይ እየነከረ ይበላል። ማንም አያየኝም ብዬ ግራ ዓይኔን በመዳፌ ሸፈንኩ። ታርጋው የለም። ሰውየውም የለም። እጄን አነሳሁ፣ አለ። ሸፈንኩ፣ የለም። አነሳሁ፣ አለ፣ ዳቦውን ይነክራል። ሞተሩን አጠፋሁና ወረድኩ።

ለባለመኪናው ደወልኩ። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ «ጋሽ በላቸው፣ መኪናዋን ሌላ ሰው ይዟት ይወጣል፣ አንተ ታከምና ና» አለኝ። እሱንም እግዜር ይስጠው። ናጋድ ጣቢያ ሄጄ ባቡር ተሳፈርኩ። እኔ! ዕድሜ ልኬን ነድቼ የወጣሁትን አገር እንደ ዕቃ ተጭኜ! አዲስ አበባ ሐኪሙ መብራት አብርቶ አየኝና «ቀኙን ሞራ ገርዶታል፣ ግራውም ጀማምሮታል። ማን ላከህ?» ቢለኝ «ጨረቃ» አልኩት። ስቆ ስቆ ሊሞት!

ሞራው ተነሳልኝ። ስመለስ ማዳም ሀዋ ቱቦዋን ገትራ ጠበቀችኝ። «በቀኙ» አለች። በቀኙ አየሁ። ግማሽ ጨረቃ ነበረች፣ ጉድጓዱ፣ ተራራው፣ ድንጋዩ ሁሉ ሳይቀር ልክ መንገዳችን ላይ እንዳለው የዲኬል ሜዳ። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። «እንባህን ወዲያ አቦ፣ መስታወቴን ታረጥበዋለህ!» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ነዳሁና፣ ተመስገን፣ ሰው ሳልነካ መሪ አስረከብኩ። ያ ዳቦ የሚነክር ሰውዬ ስሙን እንኳ አላውቀውም። የትም ይሁን የት ሻዩን እየጠጣ ይኖራል ብዬ ሳስብ ግን ደስ ይለኛል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚሉት እውነት ነው። ማዳም ሀዋን ሳመሰግናት «ጨረቃዋን አመስግን» ትለኛለች። ጨረቃማ ያኔም ነበረች፤ ጎትታ ያሳየችኝ እሷ ናት። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ሽማግሌው ይኼን ብለው ሲስቁ ሁሉም አብሮ ሳቀ። ከአድማጮቹ አንዱ፣ መላኩ የሚባል ወጣት ሾፌር፣ ወደ ሽማግሌው ጠጋ አለና፣

«ጋሼ፣ ማዳም ሀዋ ዛሬ ማታ አለች?» አላቸው።

«አለች። ምነው?»

«ነገ ጠዋት ጭኜ ነው የምወጣው። ከዚያ በፊት በመነጽሯ በቀኙም በግራውም ልይበት።»